ማሽን ቆርጦኝ የሕመም ፈቃድ ፎርም ላይ ፈርም ተባልኩ፤ ልፈርም?

አናጺው፦
ጤና ይስጥልኝ። የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ እንጨት ቆራጭ ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት የመጋዝ ማሽን የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ቆረጠኝ። የጠቋሚ ጣቴ ጅማት በቀዶ ሕክምና ተሰፍቷል፤ እስካሁን አይታጠፍም። የማሽኑ መከለያ ከወለቀ ቆይቷል። ለፎርማኑ ሁለቴ ነግሬው ነበር።

የዚያን ቀን እጄን በሸሚዙ ጠቅልሎ በባጃጅ ያደረሰኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሕክምናውን ከወንድሜ ተበድሬ ከፈልኩ። አሁን አስተዳደር ጠርቶኝ የሕመም ፈቃድ ፎርም ሰጠኝ። "ሕጉ ነው፤ አንድ ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ የለም" አሉኝ። የሕክምና ፋይልህን በሙሉ ኮፒ አድርገህ አምጣ የሚልም አለበት። ደመወዜ 9,000 ብር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?

የማኅበሩ ሰው፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። እንዳትፈርም። እኔ በፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ፎርም በደንብ አውቀዋለሁ።

የነገሩህ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 ነው። ግን እሱ ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ለያዘው ሠራተኛ ነው። አንተ ላይ የደረሰው በዚያው አዋጅ "በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት" ይባላል። አንዷ ቃል ምን ያህል እንደምትለይ በራስህ ደመወዝ እናስላው። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር 9,000፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት 4,500 በየወሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ባዶ። በስድስት ወር 18,000 ብር። በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ ግን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሦስት ወር ቢያንስ 75 በመቶ። ይህ 47,250 ብር ነው። ሐኪም ገና አልዳነም ካለ ደግሞ ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹ ይከፈልሃል። ልጆች ላሉት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕክምናውም የአሠሪህ ዕዳ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ። ባጃጁ እንኳ! የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ ሐኪም ቤት ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነበር። ደረሰኞችህን አንድም እንዳትጥል።

ጥፋቱ ያንተ ነው ቢሉህ አትደንግጥ። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሆን ብለህ ራስህን ካልጎዳህ፣ ሰክረህ ካልነበርክ፣ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ካልጣስክ በቀር አያመልጥም። መከለያ የሌለው ማሽን ላይ ያቆሙህ እነሱ ናቸው።

ጥያቄህን በጽሑፍ አቅርብ። ሁለት ኮፒ አድርግና አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስመታ። እምቢ ካሉ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ደመወዝና መሰል ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ "ቆይ እናያለን" ሲሉህ ቀን አትቁጠርላቸው።

መጋዘን ሠራተኛ፦
እኔ ፈርሜ ነበር። ወገቤን ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት። በአራተኛው ወር ደመወዝ ልቀበል ስሄድ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። የማኅበሩ ሰው ያሉህን ስማ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን ካርድ ፈልግ። ስትገባ "ምን ሆነህ ነው?" ብለን የምንጽፋት መስመር አለች። ከሳምንታት በኋላ ከሚጻፍ ደብዳቤ ይልቅ እሷ ትታመናለች፤ ያኔ ማንም ስለ ክርክር አላሰበማ።

ፋይሉን በሙሉ ግን አትስጥ። ለአሠሪህ የሚበቃው የሐኪም ማስረጃ ነው፦ ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እረፍት እንደታዘዘ። ፋይሉ ውስጥ የደም ምርመራህም የድሮ ሕመምህም አለ። ያ የአንተ ምስጢር ነው። እኛ ያለ ፈቃድህ ብናወጣው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 እንጠየቃለን። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ነው በአንተ እጅ አምጣ የሚሉህ።

አናጺው፦
ጋሼም እህቴም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፤ ጥጉ ላይ ደም ነክቶታል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ የጎረቤት ልጅ አነበበችልኝ። "ሥራ ላይ እያለ በመጋዝ ማሽን የተቆረጠ" ይላል። ሰዓቱም አለ፤ ከጠዋቱ 4፡20።

ባልደረባዬን ትመሰክራለህ ወይ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ሸሚዙ እኮ እስካሁን አለ" አለኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ በቀኝ እጄ እጽፋለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ነኝ።