የጦስኝ ዘይቴ ሽታው ተለወጠ፤ ነገ ማስረከብ አለብኝ!

ሚሚ፦ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ለሳሙና ሠሪ ደንበኛዬ የጦስኝ ዘይት አስረክባለሁ። የበፊቱ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነበር። የዛሬው ለዘብ ብሏል፣ መጠኑም ግማሽ አይሞላም። ዘይቱን የማወጣበት ድስት ያው፣ ሰዓቱም ያው። ጦስኙን የሸጠልኝ ነጋዴ ሸውዶኝ ይሆን?

ደጉ፦ ከየት የመጣ ነው? እንዴትስ ደረቀ? ሳትነግሪን ምን እንበልሽ?

ሚሚ፦ በፊት ከመንዝ ነበር የማስመጣው፣ ያሁኑ የባሌ ነው አለኝ። ቡናማ ብጤ ነው።

እትዬ አስኩ፦ ጥላ ላይ ይድረቅ ልጄ! ፀሐይ ሽታውን ይበላዋል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ጦስኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ኃይለኛውን ሽታ የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የትኛው እንደሚበዛ ከፊሉ በዘር፣ ከፊሉ በቦታው ይወሰናል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞንፔልዬ አካባቢ፣ የጦስኝ ዘመድ የሆነ የዱር ተክል ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚለያይ ስድስት ዓይነት ዘይት አለው። ሙቀትና ድርቀት ባለበት ዳገት ኃይለኛው ይበዛል። የክረምት ብርድ በሚተኛበት ሸለቆ ደግሞ ለስላሳው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ብርዱ ሲቀንስ ኃይለኛው ወደ ሸለቆው እየወረደ ነው...

ቀልደኛው፦ መምህር፣ ልጅቷ እኮ ነገ ነው ያለችው! ፈረንሳይ ደርሳ አትመለስም 😂

ብሩክ፦ ለዘብ ያለ መጥፎ ነው ያለሽ ማነው? ታይሞል ሲበዛ ቆዳ ያስቆጣል፣ ለሳሙና እንዲያውም ይሄ ሊሻል ይችላል። ብቻ ከድሮው ቀላቅለሽ እንዳትሰጪው፣ ለሰውየው ንገሪው።

እትዬ አስኩ፦ ጥላ ላይ ብያለሁ።

ሐና፦ እትዬ ልክ ናቸው። ሁለት ነገር አታደባልቂ። ሽታው የተለየው በቦታው ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ መቅረቱ ግን ከነቡናማነቱ የአደራረቅ ወይም የመቆየት ይመስላል። ዘይቱ ያለው ቅጠሉ ላይ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ፀሐይና እንግልት ያስወጣዋል። ከጆንያው መሀል ዘንጉን ትተሽ ቅጠል ብቻ አንሺና በመዳፍሽ እሺው። የመንዙ ተርፎሽ ከሆነ ከሱ ጋር አነጻጽሪ። ታሽቶም ካልሸተተ አልቆበታል። ጥሩ አድርጎ ሸቶ ግን ከመንዙ ከተለየ፣ ዓይነቱ ሌላ ነው። ከዘይቱ ጋር የወጣው ውሃ ደመና ከመሰለ አትድፊው፤ ለሚቀጥለው ዙር ድስቱ ውስጥ መልሺው።

ሚሚ፦ ውሃውን ደፋሁት እኮ 😭 ቆይ ቅጠሉን ልሽ።

ደጉ፦ እሺ፣ ምን ሸተተ?

ቶሎሳ፦ እኔም የባሌውን ልገዛ ነበር። ሚሚ፣ ውጤቱን ንገሪን።