የንብ መንጋ ግምት አሠራር፦ ለንብ አናቢዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ችግር ይኸው ነው። ሁላችንም መዝገባችን ላይ «ጠንካራ መንጋ» እያልን እንጽፋለን፤ የአንዱ ጠንካራ ግን ለሌላው መካከለኛ ነው። በአንድ አሠራር ተስማምተን ለጉባኤው እናቅርብ ስለተባለ መነሻ ጽፌያለሁ፦ «አባላት በዓመት ሦስት ጊዜ ቀፏቸውን መዝነው የንቡን ብዛት በኪሎ 10,000 ሒሳብ ያሰላሉ።» ያልጣማችሁን ቁረጡት።

አባል (60 ቀፎ)፦
ጸሐፊያችን፣ አይቀየሙኝና ይህ አንቀጽ እንዳለ ይቆረጥ። ቀፎ መመዘን ንብ መመዘን አይደለም። ሚዛን ላይ የሚወጣው እንጨቱም ሰሙም ማሩም ዕጩም አንድ ላይ ነው። ማር የሞላ አንድ ትልቅ የላንግስትሮዝ (የዘመናዊ ሣጥን ቀፎ) ፍሬም፣ ማለትም የሰም እንጀራው የሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ፣ ብቻውን 3 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በእርስዎ ሒሳብ ያ ፍሬም 30,000 ንብ ሆነ ማለት ነው። ዝናብ የጠጣውን ሣጥን ደግሞ ተዉት።

ጸሐፊ፦
ተቆረጠ። ታዲያ ምን ይተካው?

አባል (12 ቀፎ)፦
ንቡን ለይቶ መመዘን ይቻላል። ገና ሳይነጋጋ፣ ቀሳሚዎቹ ሳይወጡ፣ ፍሬሙ ከነንቡ ይመዘናል። ንቡ ባዶ ሣጥን ውስጥ ይራገፋል፤ አልወርድ ያለው በብሩሽ ይጠረጋል፤ ፍሬሙ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ ንብ ነው። ግድግዳና ወለል ላይ የተለጠፈውንም አትርሱ፤ ሣጥኑም ከነንቡና ያለንቡ መመዘን አለበት። እኔ የመጀመሪያ ቀን አውራዋን (ንግሥቲቱን ንብ) ሳልይዝ ማራገፍ ጀመርኩና ሣር ውስጥ ጠፍታ ቀረች። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ «አስቀድሞ አውራዋ ትያዝ» የሚል ይግባልኝ።

አባል (60 ቀፎ)፦
ለ12 ቀፎ ያስኬዳል፤ ለ60 ግን አይሆንም። ማርና ዕጭ ያለበትን እንጀራ ያን ያህል ጊዜ ገላልጦ ማቆየት የጎረቤት መንጋን ለዝርፊያ መጥራት ነው። ንጋት ላይ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ነው፤ ቁጣውም ቤቱ ነው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ይሄ በኪሎ 10,000 የሚባለው ከየት የመጣ ነው?

አባል (8 ቀፎ)፦
ጥሩ ጠየቅሽ፤ ሁላችንም ሳንመረምር የምንደጋግመው ቁጥር ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ በአማካይ 0.1 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚያ ነው የወጣው። ግን ሆዷ ባዶ ሲሆን ነው። ማር ጠግቦ ለመሰደድ የወጣ መንጋ ከሆነ በኪሎ 7,000 ወይም 8,000 ቢገባ ነው። ድንጉላው (ወንዱ ንብ) ደግሞ የሠራተኛዋን እጥፍ ያህል ይከብዳል። አካሏ አነስ ያለ ዝርያ ከሆነች በተቃራኒው ቁጥሩ ይበዛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ጭስ ስናበዛ ንቦቹ ማሩን ይጠጣሉ። የፍሬሙ ማር ወደ ንቡ ሆድ ገባ ማለት ነው፤ ስናራግፍ የወጣውን ሁሉ ንብ ብለን እንቆጥረዋለን። ስለዚህ ለልኬት ቀን ጭሱ ይቀነስ።

ክብደቱን ከመጽሐፍ ከምንወስድ ከራሳችን ቀፎ እናውጣው። ለቫሮአ (ንብ ላይ ለሚለጠፈው ተባይ) ምርመራ 300 ያህል ንብ በአልኮል እናጥብ የለ? ከማጠባችን በፊት ንቡን በግራም ሚዛን እንመዝን፣ ካጠብን በኋላ እንቁጠር። ለምሳሌ 300ው 33 ግራም ከሆነ አንዷ 0.11 ግራም ናት። ያራገፍነው ልዩነት 2.2 ኪሎ ከወጣ 20,000 ንብ ነው። ናሙናው እንደሆነ ለምርመራው መሞቱ አልቀረም።

አባል (60 ቀፎ)፦
ይህን ተቀብያለሁ። የእኔ ሐሳብ ግን ዋናው ሥራ በዓይን ይሁን ነው። በንብ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸፈነ የትልቅ ላንግስትሮዝ ፍሬም አንድ ገጽ 1,200 ያህል ንብ ይይዛል። ስዊዘርላንድ ሊበፌልድ ላይ የዳበረው ዘዴ መነሻውም ይኸው ነው፤ በካሬ ዴሲሜትር 130 ገደማ ብሎ ይቆጥራል። ገጹን በሐሳብ ስምንት ቦታ ብንከፍለው አንዱ ክፍል 150 ይሆናል። የተበታተነውን ንብ በዓይን ሰብስባችሁ ስንት ክፍል እንደሚሸፍን ጻፉ። የቀፎው ሁሉ ድምር 80 ክፍል ከሆነ 12,000 ንብ ነው። ከለመዳችሁት አንድ ቀፎ ጊዜ አይፈጅም።

አባል (12 ቀፎ)፦
ብርድ ሲሆን ግን ንቡ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ዓይን የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው። ሞቅ ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከከፈትክ ደግሞ ከመንጋው ብዙው ደጅ ነው። በዚያ ላይ ያንተ «ጥቅጥቅ» እና የእኔ አንድ አይደለም።

አባል (60 ቀፎ)፦
እሱስ እውነት ነው።

አባል (8 ቀፎ)፦
እናስታርቃችሁ። ሁሉም ቀፎ በዓይን ይገመት፤ ከአሥሩ አንዱ ደግሞ በዚያው ንጋት ተራግፎ ይመዘን። ዓይንህ 12,000 ያለው ሚዛን ላይ 15,000 ከሆነ፣ የአንተ ማረሚያ 1.25 ነው፤ ሌሎቹን ግምቶችህን በዚያ ታበዛለህ። ማረሚያው የሰው እንጂ የማኅበሩ አይሁን፤ በየወቅቱም ይታደስ።

በዚያው ዕጩም ይለካ። የሠራተኛ ዕጭ ከተከደነ በኋላ ለመፈልፈል 12 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 4 ቀዳዳ ብለን ብንይዝ፣ 3,000 ካሬ ሴንቲሜትር የተከደነ ዕጭ 12,000 ነው፤ በቀን 1,000 ይወለዳል ማለት ነው። በሥራ ወቅት ሠራተኛዋ ስድስት ሳምንት ያህል ብትኖር፣ በዚህ ፍጥነት የሰነበተ መንጋ ወደ 40,000 መጠጋት ነበረበት። የቆጠርነው 15,000 ከሆነ ወይ መንጋው ገና እያደገ ነው፣ ወይ ተከፍሎ ሄዷል፣ ወይ ንቡ ያለ ዕድሜው እያለቀ ነው። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ልዩነት ነው።

አዲስ አባል፦
ቀፎ ሥር የሚቀመጠው ኤሌክትሮኒክ ሚዛንስ?

አባል (12 ቀፎ)፦
ማር ሲገባና ስንቅ ሲያልቅ ያሳያል። ለብዛት አይሆንም።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ይኸው፦ «አባላት ዋናው አበባ ከመድረሱ በፊት፣ ማር ከተቆረጠ በኋላና የችግር ወቅት ሲቃረብ፣ በንጋት፣ በጥቂት ጭስ፣ የእያንዳንዱን ፍሬም እያንዳንዱን ገጽ በስምንት ክፍል ገምተው ይመዘግባሉ። ከአሥር ቀፎ አንዱ፣ አውራዋ ከተያዘች በኋላ፣ ተራግፎ ይመዘናል። የአንዷ ንብ ክብደት ከቫሮአ ናሙና ይወሰዳል። የተከደነ ዕጭ አብሮ ይለካል። ውጤቱ ወደ ሺህ ተጠጋግቶ ይጻፋል።»

አባል (60 ቀፎ)፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ። 14,387 ብሎ የሚጽፍ ሰው አላምንም።

አባል (5 ቀፎ)፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። የእኔ ቀፎዎች ፍሬም የላቸውም፤ እንጀራው ከጣሪያው ጋር ተጣብቋል። እኔ ምን ልጻፍ?

ጸሐፊ፦
ይህን አላሰብነውም። አንቀጹን ክፍት አድርጌ እይዘዋለሁ። ለጊዜው በንጋት ከታች አይተው፣ ንብ የሞላባቸው የእንጀራ መካከሎች ስንት እንደሆኑ ብቻ ይጻፉልን፤ ወደ ቁጥር አንለውጠውም። የተሻለ መላ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።