በ50 የሚወድቀው ልጁ ብቻ ነው?

የአራዳው፦
ጎበዝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ትናንት ጀምረናት መብራት ሄዶ የተቋረጠችውን ነገር ላንሳት። ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ማታ ማታ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሒሳቡ ከእኔ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን ሰው ሲኖር እንቅልፍ አይጥላትም።

ነገሬ እንዲህ ነው። 12ኛ ተፈትኖ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ልጅ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው። ለትምህርት ቤቱም መንግሥት መመዘኛ አለው፤ ኢንስፔክሽን የሚሉት። ግብዓት ከ25፣ ሂደት ከ35፣ ውጤት ከ40 ይያዛል። ከ50 በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ70 በታች ያለው ደረጃ 2፣ ከ90 በታች ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል።

ልብ በሉልኝ። ከ50 በታች ያመጣች ልጅ "ወደቀች"። ከ50 በታች ያመጣ ትምህርት ቤት ግን "ደረጃ 1" ተብሎ መስከረም ሲጠባ በሩን ከፍቶ ይመዘግባል። ልጄን በ50 የሚጥል መንግሥት የራሱን ትምህርት ቤት ለምን በ50 አይጥልም? እንከራከርበት። ስድብ ክልክል ነው። የድምፅ መልእክትም አትላኩ፤ ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ።

ጠመኔ፦
ጋሼ፣ እኔ ለ50ው ጠበቃ ልቁምለት፤ ሌላ ሰው የሚቆምለት አይመስለኝም። ኬሚስትሪ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው። ከ2014 በፊት የነበረውን ፈተና ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በ2008 ግንቦት የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ በስልክ ሲዞር፣ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ ወደ ሐምሌ ተላለፈ። ከዚያ በኋላም ቢሆን አጤሬራው ቀርቶ አያውቅም። ፈታኝ ሆኜ ሄጄ ኩረጃ ስከለክል "መምህር፣ የሌላው አገር ልጅ እየኮረጀ የእኛን ልጅ ለምን ትጎዳለህ?" ብሎ የገሰጸኝ ወላጅ አለ። የክፍሉ ሰነፍ ጎበዙን በልጦ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አይቻለሁ። ጎበዟ ልጅ ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ እስካሁን አልረሳውም።

ልጆቹን አውቶቡስ ላይ ጭነው፣ ስልካቸውን አስቀርተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው ሲፈትኗቸው ገመናችን ወጣ። ከ896,520 ተፈታኝ 29,909 አለፈ። 3.3 በመቶ! ያ ቁጥር የተነገረ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ የጠጣ ሰው አልነበረም። ቁናው ልክ ሆኖ እህሉ ጎደለ። ታዲያ ቁናውን እንስበረው?

አዘዞ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው። እኔ የ2015 ተፈታኝ ነኝ። በዚያ ዓመት 845,188 ተፈትነን 27,267 አለፉ። እኔ ከ27,267ቱ አይደለሁም 😅 አሁን ባጃጅ ላይ ነኝ።

ኩረጃ ይቁም፣ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ግን እርስዎ ያወሩት ስለ ፈተናው ቀን ብቻ ነው። ከፈተናው በፊት የነበሩትን አራት ዓመታት ልንገርዎት? አንድ መጽሐፍ ለአራት። መጽሐፉ ቤት የሚያድርበት ተራ ነበረን፤ የእኔ ሐሙስ ነበር። ባዮሎጂ መምህራችን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሄዱ፣ ተተኪ ሳይመጣ ሰኔ ደረሰ። ቤተ ሙከራው እንደተቆለፈ ነበር። ውስጡ ወንበር እንደተከመረበት በመስኮት እናያለን።

ደግሞ እንግሊዝኛው። ከ9ኛ ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ይጽፍና "እንግዲህ ምን ማለት ነው" ብሎ በአማርኛ ይቀጥላል። እሱም ይቀለዋል፣ እኛም ይገባናል። ፈተናው ሲመጣ ግን አማርኛ የለም። ጥያቄውን አንብቤ ሳልረዳው የተውኩት እንጂ መልሱን ባለማወቅ የተውኩት ስንት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጠመኔ፦
ልጄ፣ ይህን ስትል ተሸማቀቅሁ፤ እኔም በአማርኛ የማስረዳ ነኝና። 70 ልጅ ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ ብቻ ባስረዳ የሚከታተሉኝ አስር አይሞሉም። ያጠፋሁት አውቄ ነው።

እትዬ ሒሳብ፦
ኦዲት የለመደ እጅ ቁጥር ሳይ አያስችለኝም። በየዓመቱ "ውጤቱ ተሻሻለ" ይባላል አይደል? በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እሰየው ነው። ግን አካፋዩን ተመልከቱ። በ2014 ተፈታኙ 896,520፣ በ2017 585,882። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ310 ሺህ በላይ ተፈታኝ ጠፍቷል። በ2017 ያለፉት 48,929 ናቸው፤ ተፈታኙ እንደ 2014ቱ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር 5.5 በመቶ ገደማ ነበር የሚሆነው። ከመሻሻሉ ከግማሽ በላይ የሆነውን ያመጡት ያልተፈተኑት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ጠመኔ፦
እትዬ፣ ያለፉት በቁጥር ከ29,909 ወደ 48,929 ማደጋቸውንስ? 19 ሺህ ልጅ የጨመረው አካፋይ ቀንሶ አይደለም። ይህች የልጆቹ ላብ ናት፤ አትውሰዱባቸው።

እትዬ ሒሳብ፦
እሷን ተቀብያለሁ። 19 ሺሁን ላብ፣ 310 ሺሁን ደግሞ ጥያቄ ብለን እንያዘው። የት ሄዱ?

የወረዳው፦
እኔ ልመልስ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አትጠይቁኝ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ፣ ኢንስፔክሽንም ወጥቻለሁ። አንዱ መልስ በእኛው ክልል ያለ ነው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን ግጭት ሁሉም ያውቃል። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጭ ነበር። ስለ ደረጃ 1 እና ደረጃ 4 ስንከራከር በሩ የተከፈተው ትምህርት ቤት ስንት ነው የሚለውን እያለፍነው ነው። ከገጠር ወረዳ መጥቶ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማረውን ልጅ ደግሞ እናንተም በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ስመለስ፣ "ለምን አይጥለውም" ላሉት መልሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ይጀምራል። የትምህርትን አገር አቀፍ መመዘኛ የሚያወጣው የፌደራል መንግሥት ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው፤ ደሞዝ የሚከፍለው፣ ወንበር የሚያስጠግነው ወረዳው ነው። በአጭሩ፣ መለኪያውን የሚያወጣው አዲስ አበባ፣ ጠመኔ የሚገዛው ወረዳ። የወረዳው በጀት ደግሞ ደሞዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው እንደ ቡና አተላ ነው።

አንድ ጊዜ የመዘንነው ትምህርት ቤት ውኃ አልነበረውም። "ውኃ የለም" ብለን ጻፍን፣ ነጥብ ቀነስን፣ ምክረ ሐሳብ ሰጠን፣ ርእሰ መምህሩ ፈረመ። ሌላ ጊዜ ስንሄድ "ውኃ የለም" ብለን ጻፍን፣ ነጥብ ቀነስን፣ ምክረ ሐሳብ ሰጠን። የፈረመው ርእሰ መምህር ብቻ ነበር የተቀየረው።

የአራዳው፦
ይኸው! እኔ እኮ የምለው ይህንን ነው። ወረቀቱ አለ፣ ፊርማው አለ፣ የሚጠየቅ የለም። ልጄ ላይ ሲሆን ግን ቀን ተቆርጦለታል፣ ቁጥር ተቆርጦለታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

የልጆች እናት፦
ጋሼ፣ እኛ የግል ትምህርት ቤት የምናስተምረውስ? የግሉን "ግቢው ጠበበ፣ ፈቃድህን አላድስም" ይሉታል። ወጪው በክፍያ ተመልሶ እኛ ላይ ይመጣል። ከአጥሩ ማዶ ያለውን የመንግሥቱን ግን ማንም እንዲህ አይለውም። መመዘኛው አንድ ከሆነ ለሁለቱም ይሁን።

ጠመኔ፦
የግሉም መድኅን አይሁንብሽ፣ እህቴ። በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62፣ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ ነው ያለፈው። ኮሌጅና ሁለተኛ ደረጃ አንድ ባይሆኑም፣ ክፍያ ዕውቀት እንዳልሆነ ያሳያል።

ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ልምጣ። ደምቢያ ወይም ወገራ ውስጥ ያለ ደረጃ 1 ትምህርት ቤት በ50 ወደቀ ብለን እንዝጋው። በማግሥቱ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? ቀጣዩ ትምህርት ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ወንዱ ይሄድ ይሆናል፤ ሴቷን እናቷ አትለቃትም። ትምህርት ቤት ሲወድቅ የሚቀጣው ያው ልጁ ነው።

ደጀ ሰላም፦
ጎንደር ተቀምጣችሁ ስለ መመዘኛ ስትከራከሩ የአብነት ትምህርት ቤቷን በአታን ማንም አላነሳት። ገረመኝ። እኔ ከአስኳላ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስመሰክረው የት ነው? እዚሁ፣ በአታ። ድጓ የሆነ እንደሆን ቤተልሔም ይሄዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ። ይህ ከሚኒስቴሩ በፊት የነበረ አገር አቀፍ መመዘኛ ነው። የጎጃሙም የወሎውም ልጅ እዚያው ሄዶ ነው የሚመሰክር።

ልዩነቱን ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ መመዘኛውን የያዘው ቤት ማስተማሪያውም ነው፤ ጎደለህ ያለህ መምህር የጎደለህን አስቀምጦ ይሞላልሃል። ሁለተኛ፣ ሳትችል አንድ እርምጃ አታልፍም። በ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ልጁ እንዲሁ እየተገፋ ያልፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ፊደል ሳይለይ 4ኛ የገባ ስንቱ ነው! ያን ልጅ ለ12 ዓመት "እለፍ፣ እለፍ" ብሎ በመጨረሻው ቀን "ወዴት ትሄዳለህ" ማለት ምን ይሉታል? የኔታ ቢሆኑ በመጀመሪያው ዓመት "ተመለስ፣ ዳዊትህን ድገም" ይሉት ነበር።

ጠመኔ፦
ወንድሜ፣ አባባልህ ደስ ይላል። ግን አኩፋዳ ይዞ ለምኖ ማደርም አለ፣ የሰፈር ውሻም አለ፣ ከመቶው ጀማሪ ለምስክር የሚበቃው በጣት የሚቆጠር መሆኑም አለ። ለ600 ሺህ ልጅ ይህን ልትዘረጋው ነው?

ደጀ ሰላም፦
የአንተስ ተማሪዎች በልተው ነው የሚመጡት?

ጠመኔ፦
😔 እሺ። ይህን አልመልስም።

አዘዞ፦
ደጀ ሰላም ያለው ነካኝ። ለእኔ ማንም "ይህች ይህች ጎድላሃለች" አላለኝም። የመጣልኝ ቁጥር ብቻ ነው። ሪሜዲያል የሚባለው፣ 50 ላልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ለጥቂት አመለጠኝ። የገቡት ጓደኞቼ ግን በወራት ውስጥ አራት ዓመት ያልገባቸው ሒሳብ ገብቷቸው ነው የወጡት። መጽሐፍ ነበራ! መምህርም ነበር! በመጀመሪያው ዙር ከ100 ሺህ በላይ ልጅ ነው የገባው። ታዲያ ልጁ መማር የሚችል ከሆነ ሪሜዲያሉን 9ኛ ክፍል ላይ የማይሰጡት ለምንድን ነው?

እትዬ ሒሳብ፦
የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። ደግሞ በሒሳብ ቢታይም አያዋጣም። ልጁን ከቤቱ አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስተኝቶ አብልቶ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ከማስተማር፣ እዚያው 10ኛ ክፍል እያለ ማስተማር ይረክሳል።

የአራዳው፦
መምህር፣ ትምህርት ቤቱ ይጣል ያልኩትን ትቻለሁ፤ ደምቢያ ያልከው ልክ ነው። ግን 50ው ልጁ ላይ ብቻ እንዲቆይ አልስማማም። "ትምህርት ለትውልድ" ተብሎ ከ2015 ጀምሮ ሕዝቡ እንዲያዋጣ ተጠርቷል፤ እኔም አዋጥቻለሁ፣ አልቆጨኝም። ያዋጣሁበት ትምህርት ቤት ስንት እንዳመጣ ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። የልጄ ካርድ በየመንፈቁ ቤቴ ይመጣል፤ "ወላጅ አይቶ ይፈርም" ይላል። የትምህርት ቤቱን ካርድስ ማን ነው አይቶ የሚፈርም?

ጠመኔ፦
በዚህ አብረን ነን። የእኔ ሐሳብ፦ 50ው ይቆይ፣ ካነሱት ኩረጃው በማግሥቱ ይመለሳል። ግን የኢንስፔክሽኑ ውጤት በር ላይ ይለጠፍ። "ደረጃ 1፣ የጎደለው ውኃ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ መጽሐፍ፤ እስከዚህ ወር የሚያሟላው እገሌ የሚባል ቢሮ" ይባል። እገሌ የተባለው ቢሮ ሲያልፍ ሲያገድም ስሙን ያንብበው። የእኔም የእንግሊዝኛ ጉድ ይጻፍ፤ ፈቅጃለሁ።

የልጆች እናት፦
የግሎቹም በር ላይ ይለጠፍ!

የወረዳው፦
ሪፖርቱ እኮ ለትምህርት ቤቱ አንድ ቅጂ ይሰጠዋል። ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ) ከጠየቀ ለምን ይከለከላል? የጠየቀ ወላጅ ግን በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ወላጅ ሲመጣ ወይ ልጁ ተደባድቦ ነው፣ ወይ ዩኒፎርም ሳይለብስ ተመልሶ።

የአራዳው፦
እንዲያ ነው? ሰኞ የወላጅ ስብሰባ አለ። ሁልጊዜ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ስልክ ነው የሚወራው። ዘንድሮ እጄን አወጣለሁ። ልጄ ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው፤ "አባዬ፣ መምህራኖቹ ያዝኑብኛል፣ ተው" ትላለች። ተው አልልም።

አዘዞ፦
ሰኞ ጠዋት ከአራዳ እስከ ትምህርት ቤቱ በነፃ አደርስዎታለሁ፣ ጋሼ። ወረቀቱን ግን ፎቶ አንስተው ይላኩልን።

የወረዳው፦
ፎቶው ሲነሳ እኔ እዚህ አልነበርኩም።