አስቸኳይ፦ ባለ ደረጃ የግድብ ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ መልቀቂያ) ሞዴል ላይ ውሃው አየር አልቀላቅል አለ

ደረጃ51፦ ፓምፑ አሁን እየሠራ ነው። ከላይ እስከ 25ኛው ደረጃ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ነጭ አረፋ የለም። 34ኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ፕሮቡ (አየርን ከውሃ የሚለየው መርፌ መለኪያ) የሰጠኝ አማካይ አየር 12 በመቶ ብቻ! ስኬል 1 ለ 30፣ ተዳፋት 51.3 ዲግሪ፣ የደረጃ ቁመት 3 ሴንቲ ሜትር፣ ፍሰት 40 ሊትር በሰከንድ። የላይኞቹን ደረጃዎች በአሸዋ ወረቀት ላሻክራቸው? ልኬቱ ነገ ማለቅ አለበት።

ውሃልክ፦ የቦዩ ስፋትስ?

ደረጃ51፦ ይቅርታ፣ 0.5 ሜትር።

ውሃልክ፦ እንግዲያው ሞዴሉ ምንም አልሆነም። አየር የሚገባው ከወለሉ የሚነሳው ባውንደሪ ሌየር (በወለሉ ሰበቃ የሚናወጠው የውሃ ንብርብር) እያደገ የውሃውን ገጽ ሲነካ ነው፤ ከዚያ በፊት ገጹን የሚሰብር ንውጠት የለም። በአንድ ሜትር ስፋት 80 ሊትር በሰከንድ ካለህ፣ አየር የሚገባበትን ቦታ በሚያሰላው በቻንሰን ቀመር ያ ነጥብ ከአናቱ በተዳፋቱ ላይ 1 ሜትር ገደማ ርቆ ይወድቃል። አንዱ ደረጃ በተዳፋቱ 3.84 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዝ 26ኛው ደረጃ ማለት ነው። ያየኸው ይኸው ነው።

መለኪያ፦ የፕሮቡን ንባብ ወደ 20 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንባብ) አሳድገው፣ ለ45 ሰከንድ።

ጠርዝ፦ እኔም ያንኑ እላለሁ፣ 20 ኪሎ ኸርዝ።

ኮንክሪት፦ ይህ የአረፋ ቁጥርን ያስተካክላል እንጂ የአየር መጠኑን አያሳድግም። 1 ሚሊ ሜትር አረፋ በሰከንድ 3 ሜትር ሲሄድ ጫፉን በ0.33 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ በ1 ኪሎ ኸርዝ ብዙውን ሳትቆጥር ትቀራለህ። ጫፉ አየር ውስጥ የሚቆይበት አማካይ የጊዜ ድርሻ ግን በቂ ጊዜ እስከለካህ ድረስ ብዙም አይዛባም። ይልቅ ጫፉ ቆሽሾ እንደሆነ እይ፤ በንጹሕ ውሃ 0፣ በአየር 100 በመቶ ማንበብ አለበት።

ጠርዝ፦ ማሻከሩንስ? አየሩ ቀደም ብሎ ይገባል።

ውሃልክ፦ ይገባል፤ ግን ያኔ የምትለካው ሌላ ግድብ ነው። ስጋቱ ካቪቴሽን (የእንፋሎት አረፋዎች ፈንድተው ኮንክሪቱን መብላት) ከሆነ፣ አየር በሚገባበት ነጥብ ጥልቀቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ 2.5 ሜትር በሰከንድ ነው። ፍጥነቱ በእውነተኛው ግድብ 13.7 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ብዙዎች ከሚጠነቀቁበት 20 በታች ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ስኬሉ ነው። የሬይኖልድስ ቁጥርህ (የፍሰቱ ጉልበት ከውሃው ዝልግልግነት ጋር ሲነጻጸር) 80,000 ገደማ ነው፤ የሚመከረው ቢያንስ 100,000። በትንሽ ሞዴል የገጽ ውጥረት አረፋውን ስለሚይዘው አየሩ ከእውነተኛው ያንሳል። 1 ለ 15 ቢሆን ፍሰቱ 226 ሊትር በሰከንድ በሜትር ይደርስ፣ ቁጥሩም ከ100,000 ያልፍ ነበር።

ኮንክሪት፦ 34ኛው ጠርዝ ከነጥቡ 8 ደረጃ ብቻ ይርቃል፤ በዚህ ተዳፋት የመጨረሻው አማካይ 60 በመቶ ገደማ ቢሆንም እዚያ አትጠብቀው። እስከ ስንት ከፍታ ለካህ?

ደረጃ51፦ ገጹ በዓይን እስከሚታይበት፣ 3.5 ሴንቲ ሜትር።

ኮንክሪት፦ ያ ነው የጎደለህ! አማካዩ የሚሰላው አየሩ 90 በመቶ እስከሚደርስበት ከፍታ ነው፤ አየር የበዛበትን የላይኛውን ክፍል ቆርጠህ ጥለኸዋል። ከጠርዞቹ መስመር በ90 ዲግሪ ማዕዘን፣ በየ2 ሚሊ ሜትሩ ከፍ እያልክ አየሩ 90 በመቶን እስኪያልፍ ቀጥል፤ ከዚያም ሁለት ነጥብ ጨምር። ፓምፑን አታጥፋው፤ ፍሰቱ እንደገና እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስድብሃል።