«በረከትህን ኑረው» አማርኛ ነው?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ መንፈሳዊ ጽሑፍ እያረምኩ ነው፤ ርእሱ «በረከትህን ኑረው» ይላል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተቀበለው በረከት በዕለት ኑሮው ይታይ ለማለት ነው። አነጋገሩ ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ልተወው ወይስ ልለውጠው? ብለውጠውስ በምን?

ሆሄ ወዳጅ፦ ለውጠው። «ኖረ» ዘመንን ነው የሚያስከትለው፤ ዕድሜውን ኖረ፣ መቶ ዓመት ኖረ። ሌላውን ነገር አንኖረውም፣ በእርሱ እንኖራለን እንጂ፤ በእምነት ይኖራል፣ በተስፋ ይኖራል። ቢያንስ «በበረከት ኑር» በለው።

ቃል ለቃሚ፦ እሱን ሞክሬው ነበር። ግን «ሞልቶልህ፣ ተርፎልህ ኑር» የሚል ምርቃት ሆነብኝ። ጸሐፊው የሚለው «ለሌላው ድረስ» ነው።

የአብነት ተማሪ፦ ወንድሜ፣ የምትፈልገው ቃል እዚያው ቤተ ዘመድ ውስጥ አለ። «በረከተ» ማለት በዛ፣ ቶሎ አላለቀም ማለት ነው። «ደመወዙ አይበረክትለትም» የሚባልለት ሰው ደመወዙ የግድ ትንሽ አይደለም፤ ብዙ ሆኖም ላይበረክት ይችላል። «አበረከተ» ስንል ደግሞ ሁለት ነገር እንላለን። ሰባኪ «ጌታ አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን መገበ» ሲል አበዛ ማለቱ ነው። «መጽሐፍ አበረከተለት» ሲባል ሰጠ ማለት ነው፤ ስጦታውም ገጸ በረከት ይባላል። ማብዛትንና መስጠትን በአንድ ግስ የያዘ ቋንቋ እያለን «ኑረው» ምን ይጨምርልናል?

ሆሄ ወዳጅ፦ «ብርክ» እና «ተንበረከከ»ንስ ለምን ረሳሃቸው? የተባረከ ሰው የተንበረከከ ሰው ነው ብለው ሲሰብኩ ሰምቻለሁ።

የአብነት ተማሪ፦ ብርክ በግእዝ ጉልበት ነው፤ «ብርክ ያዘው» የምንለውም ከዚያ ነው። የፊደሎቹ መመሳሰል በዕብራይስጥም አለ። ሥራቸው አንድ ነው የሚሉም፣ ሁለት ነው የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ስብከት ባታቆምበት ይሻላል።

ማርጊያ፦ ዘፍጥረት 12፥2ን ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለአብራም የተነገረውን «እባርክሃለሁ፥ ስምህንም አከብረዋለሁ፤ ለበረከትም ሁን» ይለዋል። የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በዚሁ ቦታ «የተባረክህ ትሆናለህ» ነው የሚለው፤ ዕብራይስጡ ግን «በረከት ሁን» ብሎ ያዝዛል። የእኛዎቹ ተርጓሚዎች በዕብራይስጡ መንገድ ሄደው «ለ»ን ጨመሩባት። ያቺ «ለ» ሥራ ትሠራለች። «በረከት ሁን» ቢባል ሰውየው ራሱ በረከት ነው። «ለበረከት ሁን» ሲባል ግን የሚደርሰው ሌላ ሰው እንዳለ ወዲያው ይሰማል። የወንድማችን ጸሐፊ ሐሳብ ይኸው አይደል?

ቃል ለቃሚ፦ ይኸው ነው! እህቴ፣ ርእሱን አገኘሽልኝ። ግን ውስጡም ችግር አለበት። «ለሰው በረከት መሆን» ሲል ምሳሌው ሁሉ ቃል ብቻ ነው፤ «ተባረክ በሉ፣ ባርኩ» እያለ ይቀጥላል።

ማርጊያ፦ «ተባረክ» ራሷ የምታስገርም ትእዛዝ ናት፤ ታዛዡ ሊፈጽማት አይችልም፤ ባራኪው ሌላ ነዋ። ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም አልልም። ሩት 2፥4 ላይ ቦዔዝ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላቸዋል፤ እነርሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይሉታል። ቀጣሪና ሠራተኛ በሥራ ቦታ የሚለዋወጡት ሰላምታ ነው። ነገር ግን ያው ሰውዬ ትንሽ ቆይቶ ለሩት ከነዶው ሆን ብለው እየጣሉ እንዲተዉላት ጎልማሶቹን ያዛል። ያዕቆብ 2፥16 ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ ለታረዘውና ለተራበው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ። አማርኛችን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ «እግዜር ይስጥህ» ለለማኝ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ምርቃት ይመስላል፣ ግን «የለኝም፣ እለፍ» ነው።

ሆሄ ወዳጅ፦ «እግዜር ይስጥልኝ» ደግሞ ምስጋና ነው። አንዲት «ልኝ» ስትጨመር ክልከላው ወደ ባለዕዳነት ተለወጠ፤ እኔ መክፈል አልችልምና እሱ ይክፈልልኝ።

የአብነት ተማሪ፦ ጥሩ ብለሃል። «ባርኩ» የሚለውንም ተመልከቱት። በሮሜ 12፥14 «የሚያሳድዱአችሁን መርቁ፥ መርቁ እንጂ አትርገሙ» ተብሏል። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥9 ላይ ስድብን በስድብ ፈንታ አትመልሱ ካለ በኋላ «ባርኩ» ይላል። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ ያለው ግስ አንድ ነው፤ አፈታቱም መልካም መናገር ነው። እኔ ለዕለት ኑሮ «መርቁ»ን እመርጣለሁ። ቡራኬ ሲባል ካህን፣ እጅና መስቀል ይታየናል፤ ምርቃት ግን ከማንም አፍ ይወጣል። ደግሞም ሻጭ ከልኩ በላይ ሲጨምር «መረቀልኝ» እንላለን። የሚያሳድድህን መመረቅ ከሚገባው በላይ መጨመር ነው፤ ቃሉ በደንብ ገልጾታል።

ቃል ለቃሚ፦ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ምዕራፍም አለው። ስጦታን «በረከት» ብሎ መጥራት ያስኬዳል?

ማርጊያ፦ ያስኬዳል፤ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን መዋጮ በዚያው ቃል ነው የጠራው። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥6 ላይም «በበረከትም የሚዘራ በበረከት ደግሞ ያጭዳል» ይላል። ብዙ ሰው ይህችን ጥቅስ ገንዘብ ማባዣ ያደርጋታል። ቁጥር 7ን አብሮ አንብቦ የሚጠቅሳትን ሰው ግን አልሰማም፤ እዚያ የሚጠየቀው በኀዘን ወይም በግድ ሳይሆን በደስታ መስጠት ነው።

ቃል ለቃሚ፦ እሺ፣ ርእሱ «ለበረከት ሁን» ሆኗል፣ «ኑረው» የነበረባቸውን ቦታዎችም እያየሁ እለውጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጸሐፊው «የክርስቲያን አበርክቶ» ይላል። አበርክቶ ስም ይሆናል እንዴ?

ሆሄ ወዳጅ፦ በጋዜጠኞች ዘንድ ከሆነ ቆይቷል፤ «አስተዋጽኦ» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔ አልወደውም። «አበርክቶ ሄደ» ሲባል እንደምንሰማው ማሰሪያ የሚጠብቅ ግስ ነው።

የአብነት ተማሪ፦ እኔ ተለማምጄዋለሁ። ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ቦታ «ያበረከተው» ብትለው ይበቃል።