ሽማግሌ ልላክ ሲለኝ ምላሴ ይታሰራል

ሰላም ለሁላችሁ። 26 ዓመቴ ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ሐረጎን በየቀኑ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ።

ሁለት ዓመት አብሮኝ የቆየ ልጅ አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ እውነቴን ነው፣ የማማርረው ነገር የለም። ባለፈው እሁድ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ማኪያቶህ በረደ።» ማታ «አስከፋሁሽ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ «እወድሃለሁ፣ ግን ፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ የላክሁት «ደህና አደርክ?» ብቻ ነው።

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የዚህ ዕድሜ ትልቁ ፈተና በመቀራረብና በመገለል መካከል ያለው ትግል ነው ይላል። ማንነቱን በቅጡ ያላወቀ ሰው ሌላውን መቅረብ ይከብደዋል ማለት ነው። እኔ ራሴን አውቃለሁ ወይ? ጓደኞቼ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ ናቸው፤ የቀረችው አራስ ናት። ማንን ላማክር? እናቴ ሲከፋኝ ካየች «አብሽሪ» ብላ ቡና ታፈላለች። እኔ ከወጣሁ ብቻዋን እንደምትቀር ግን ሁለታችንም አናነሳውም።

የምፈራው እሱን ይሁን፣ ትዳርን፣ ወይስ እናቴን መተው፣ መለየት አቃተኝ። እንዲህ ሆናችሁ የምታውቁ እንዴት ለያችሁት? ለእሱስ ሳላስቀይመው ምን ልበለው? እሁድ እንገናኛለን።