«ፊልም» እና «ሲኒማ» ከየት መጡ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ታናሽ እህቴ «ፊልምና ሲኒማ አንድ ናቸው?» አለችኝ። ፊልም የሚታየው ነው፣ ሲኒማ የሚታይበት ቤት ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን ሲኒማ ቤት ይባላል? ቤት ቤት ሊሆን ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ 1፦
እህትህ መጠየቋ ልክ ነው። ሲኒማ መጀመሪያ የመሣሪያ ስም ነበር። ሙሉ ስሙ ሲኒማቶግራፍ ነው። በግሪክ «ኪኔማ» እንቅስቃሴ ነው፤ «ግራፎ» እጽፋለሁ ማለት ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴን የሚጽፍ መሣሪያ እንደማለት ነው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ሊዮን ቡሊ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1892። ዓለም ያወቀው ግን በሉሚየር ወንድማማቾች ነው። (ሉሚየር ራሱ በፈረንሳይኛ ብርሃን ማለት ነው። ደስ አይልም?)

የእነሱ መሣሪያ በእጅ የሚዞር የእንጨት ሳጥን ነበር። ያው አንዱ ሳጥን ይቀርጻል፣ ያትማል፣ ግድግዳ ላይም ያሳያል። የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የኤዲሰን ማሳያ ሳጥን፣ ኪኔቶስኮፕ፣ ከዚያ በፊት ነበረ፤ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው አጎንብሶ በቀዳዳ የሚያየው። ሉሚየሮች ፓሪስ፣ ግራን ካፌ ምድር ቤት፣ በአንድ ፍራንክ ለሕዝብ ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

እና ሲኒማ ቤት የሚለው ስህተት የለበትም። ወፍጮ ያለበት ወፍጮ ቤት፣ ሲኒማ ያለበት ሲኒማ ቤት።

መልስ 2፦
ፊልምን እኔ ልጨምር። ወተት ፈልቶ ሲበርድ ከላይ የሚይዘውን ስልባቦት አስቡት። በማንኪያ ስትነካው ተሸብሽቦ የሚነሳውን። ፊልም በጥንቱ እንግሊዝኛ እንደዚያ ያለ ስስ ቆዳ ነው። ፎቶ አንሺዎች መስታወት ላይ የሚቀባውን ብርሃን የሚቀበል ስስ ቅብ ፊልም አሉት። ቅቡ ከመስታወት ወደ ሴሉሎይድ (የሚጠቀለል ስስ ፕላስቲክ) ሲዛወር ስሙ ጥቅልሉን ያዘ። ቀጥሎ በጥቅልሉ ላይ ያለውን ታሪክም ያዘ። ዛሬ ስልክ ላይ የምናየው ጥቅልልም ቅብም የለውም፤ ስሙ ግን አለ።

መልስ 3፦
የእኛም ሰው ያወጣው ስም ይመዝገብልኝ። አዲስ አበባ የመጀመሪያው ፊልም ማሳያ ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ፣ የሌለ ሰው ሲራመድ ያየ ሌላ ምን ይበል? እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። ያዩት ነገር ምን ያህል እንዳስደነገጣቸው ከነትኩሳቱ ይዞልናል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ወተት ሲፈላ ስልባቦቱን አሳያታለሁ።